ደብዳቤ ለልጄ፦ ከጉሩ ፑርኒማ በፊት

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ወንድምሽ እንደነገረኝ፣ ሕንዶች መምህራንን በሚያከብሩበት በጉሩ ፑርኒማ በዓል ለዮጋ መምህርሽ ስጦታ ለማበርከት ከመንፈቁ የትምህርት ክፍያ ላይ ልትቀንሺ አስበሻል። ክፍያውን አትንኪ።

በዓሉን አልነቅፍም። በሕንዶች አቆጣጠር በአሻዳ ወር ሙሉ ጨረቃ የሚከበረው፣ የሂንዱ ቅዱሳት መጻሕፍት የሆኑትን ቬዳዎች በአራት ከፍሎ ያደራጀውና ማሃባራታ የተባለውን ረጅም የጀግኖች ታሪክ በግጥም የደረሰው ጠቢቡ ቪያሳ የተወለደበት ቀን ነው ተብሎ ስለሚታመን ነው፤ ቪያሳ ፑርኒማ የሚሉትም ለዚህ ነው። አባቱ ጠቢቡ ፓራሻራ ሲሆን እናቱ ሳትያቫቲ ግን በያሙና ወንዝ ላይ መንገደኛ በጀልባ የምታሻግር፣ በዓሣ አጥማጆች ቤት ያደገች ልጅ ነበረች፤ እኔ ከታሪኩ ሁሉ ይህን እወድደዋለሁ። ቡድሂስቶች በበኩላቸው ቡድሃ ሕንድ ውስጥ በሳርናት ለአምስት ባሕታውያን መጀመሪያ ያስተማረበትን ዕለት በዚያው ጨረቃ ያስባሉ። ጊዜው እንደኛው ክረምት ነው፤ ከቦታ ቦታ የሚዞረው መነኩሴ ዝናቡ እስኪያባራ አራት ወር ያህል በአንድ ስፍራ ይቀመጣል፣ እርሱ ያስተምራል፣ ሕዝቡ ይመግበዋል። ከዚህ ሁሉ ውስጥ የዩኒቨርሲቲ ክፍያ የት አለበት?

አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለሁ ሒሳብ ያስተማረን ከሕንድ፣ ከኬረላ የመጣ መምህር በማሃባራታ ያለውን የኤካላቭያን ታሪክ ነግሮን ነበር። የመሳፍንቱ ልጆች መምህር ድሮና ቀስት ላስተምርህ አልፈቅድም ቢለው፣ ልጁ የድሮናን ምስል ከጭቃ ሠርቶ በፊቱ ብቻውን እየተለማመደ ከድሮና ምርጥ ተማሪ ከአርጁና የሚበልጥ ሆነ፤ ድሮናም ይህን ባየ ጊዜ የመምህርነት ስጦታዬ ብሎ የቀኝ እጁን አውራ ጣት ጠየቀው፣ ልጁም ቆርጦ ሰጠው። መምህራችን ይህን ሲነግረን አውራ ጣቱን አጥፎ በቀሩት ጣቶቹ ጠመኔውን ይዞ ሊጽፍ ሞከረ፤ ጠመኔው ወድቆ ተሰበረ፣ እኛ ሳቅን፣ እርሱ ግን አልሳቀም። ውሉ አልቆ ወደ አገሩ ሲመለስ አንድ ሻይ እንኳ ሳንጋብዘው መሄዱ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ስለዚህ መምህርሽን አክብሪ፣ ልጄ፣ ክፍያውን ግን አትንኪ። ዘንድሮ በዓሉ ሐምሌ 22 ቀን 2018 ዓ.ም. ይውላል፤ ከኪስ ገንዘብሽ አበባና ፍራፍሬ ይዘሽ ሄደሽ አመስግኚ። ጣትሽን የሚጠይቅ መምህር ከሆነ ደግሞ ዕለቱን ትተሽው ውጪ። እናትሽ «ጣዖት ነው» ብላ ተቆጥታለች፤ እርሷን ለእኔ ተዪያት።

ክፍያውን ፈጽመሽ ደረሰኙን በቴሌግራም ላኪልኝ። በርበሬና ሽሮ የያዘልሽ ሰው ሐሙስ ይነሣልና ስልክሽን እንዳትዘጊ።

አባትሽ