ለእናታችን ቤት ለቆሙልን ጠበቆች፣ ለጎረቤቶቻችንና ለዕድራችን የቀረበ የምስጋና መልእክት

ከሁሉ አስቀድሞ ይህን ቀን ላሳየን ለልዑል እግዚአብሔር ምስጋና ይድረሰው። ይህን መልእክት የምጽፈው በአራት እኅትማማቾችና ወንድማማቾች ስም ሲሆን፣ የመጀመሪያ ልጅ በመሆኔ ብዕሩ ለእኔ ተሰጥቶኛል። እናታችን በጥር ወር 2014 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ ጉለሌ የሚገኘው የወላጆቻችን ቤት ለሦስት ዓመት ተኩል በክርክር ላይ ቆይቶ፣ በሐምሌ ወር 2017 ዓ.ም. የይዞታ ማረጋገጫው በአራታችን ስም ተዛውሮ ተሰጥቶናል። በዚያ ሁሉ ጊዜ ከጎናችን የቆሙትን በየቤታቸው ሄደን ብናመሰግናቸውም፣ የሠሩት ሥራ ከእኛ ቤት አልፎ ሊታወቅ ይገባዋል ብለን ስላመንን ይህን በአደባባይ እንጽፋለን። የጥብቅና ድርጅቱን ስም ያልጠቀስነው ጠበቆቹ ራሳቸው ስለጠየቁን ነው፤ ምስጋናችን ማስታወቂያ እንዲመስል አልፈለጉም።

ከአርባው በኋላ ነው ነገሩን የሰማነው። እናታችንን በመጨረሻ ዓመታቸው አብሯቸው ይኖር የነበረ አንድ የሥጋ ዘመዳችን፣ ቤቱ በሙሉ ለእርሱ የተናዘዘ መሆኑን የሚገልጽ ሰነድ ይዞ ወራሽነቱ እንዲረጋገጥለት ማመልከቱን ጎረቤት ነገረን። በሰነዱ ግርጌ የእናታችን ነው የተባለ የጣት አሻራና የአራት ምስክሮች ፊርማ ሰፍሯል። እናታችን በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደል ቆጥረው ስማቸውን መጻፍ ከቻሉበት ቀን አንሥቶ በአሻራ ፈርመው አያውቁም። የዕድር መዋጮ ሲከፍሉ እንኳ መነጽራቸውን አድርገው ስማቸውን ከነአባታቸው ስም ቀስ ብለው ይጽፉ ነበር እንጂ ቀለም ጣታቸውን እንዲነካ አይፈቅዱም ነበር። ያን አሻራ ያየሁበትን ቀን ከቀብራቸው ቀን ለይቼ አላየውም።

ሐዘን ላይ ስለነበርን የሚያጽናናንን ሁሉ አመንን። በሰው በሰው ያገኘነው አንድ ጉዳይ አስፈጻሚ፣ ሰነዱን እንኳ ገልጦ ሳያነብ ጉዳዩ ያለቀ መሆኑን፣ ዳኞቹንም እንደሚያውቃቸው ነግሮን ከቤቱ ግምት 30 በመቶ እንድንሰጠው ጠየቀን። የጽሑፍ ውል እንዲሰጠን ስንጠይቀው በመተማመን እንሥራ አለን። ሦስት ሳምንት በቀጠሮ አመላለሰን። ሕጉ ኑዛዜን ለመቃወም የሚሰጠው ጊዜ አጭር በመሆኑ፣ ያ ሦስት ሳምንት ምን ሊያሳጣን ይችል እንደነበር የተረዳነው በኋላ ነው።

ከዚያ ያወጡን ጎረቤታችን፣ ጡረታ የወጡት መምህር ናቸው። እርሳቸው ከዓመታት በፊት የራሳቸውን ጉዳይ ይዘውላቸው ወደነበሩት ጠበቃ፣ ልደታ ፍርድ ቤት አካባቢ በአንድ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ወዳለ ሁለት ክፍል ቢሮ ይዘውን ሄዱ። ሁለት ጠበቆችና አንዲት ጸሐፊ ብቻ ያሉበት ስፍራ ነው። ከፍተኛዋ ጠበቃ ሰላምታ ከሰጡን በኋላ ምንም ሳይናገሩ ወረቀቶቻችንን አንድ በአንድ፣ እርሳስ ይዘው፣ ከአንድ ሰዓት በላይ አነበቡ። ታናሽ እኅቴ ዝምታው አስጨንቋት ስለ አሻራው ማስረዳት ስትጀምር በእጃቸው ምልክት አስቁመው ንባባቸውን ቀጠሉ። ከዚያ በኋላ የጠየቁን ጥያቄ እስከ ዛሬ በጆሮዬ አለ፦ «እናታችሁን ሌሊት ሲያማቸው ሐኪም ቤት ይወስዳቸው የነበረው ማን ነው?»

መልሱን ሁላችንም እናውቃለን። ይወስዳቸው የነበረው ያ ዘመዳችን ነው። እኔ በሥራ ምክንያት ሐዋሳ እኖር ነበር፤ አንዱ ወንድማችን አሜሪካ ነው፤ ሁለቱ ከተማ ውስጥ ቢኖሩም ሌሊት የደረሰው እርሱ ነበር። ይህን በክሳችን ላይ እንዳይነሣ ለማድረግ፣ እንዲያውም አልጦራቸውም ብለን ለመጻፍ ሐሳብ ነበረን። ጠበቃችን ያልሆነ ነገር በስማቸው እንደማይጻፍ፣ እውነቱን ራሳችን ካልተናገርን ደግሞ በምስክር ፊት ተነግሮብን ሌላው እውነታችን ሁሉ እንደሚጠረጠር ገለጹልን። ሰው መጦሩ አንድ ነገር ነው፣ ሰነዱ በሕግ የጸና መሆኑ ሌላ ነገር ነው፤ እናንተ የምትከራከሩት በሁለተኛው ነው አሉን። በዚያች ደቂቃ ከፍቶኝ እንደነበር አልሸሽግም። ዛሬ ግን ካመሰገንኳቸው ነገሮች ሁሉ ይህን አስቀድማለሁ፣ ምክንያቱም ያን ዘመዳችንን ዛሬም ዓይኑን ማየት የምንችለው ያን ቀን ስላስቆሙን ነው።

አሻራውን በተመለከተም ያሰብነውን አላሉንም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በግልጽ በሚደረግ ኑዛዜ ላይ አሻራን እንደ ፊርማ ስለሚቀበል፣ መጻፍ የሚችል ሰው በአሻራ መፈረሙ ጥርጣሬን ቢያነሣም ብቻውን እንደማያሸንፍ አስረዱን። ከዚያ የሕጉን ቁጥር 881 ከመደርደሪያ አውርደው ፊታችን አነበቡልን፦ ኑዛዜው በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት መነበብ አለበት፤ ይህ ሥርዓት መፈጸሙና ቀኑ በራሱ በኑዛዜው ላይ ካልተመለከተ ፈራሽ ነው፤ ተናዛዡም ምስክሮቹም ወዲያውኑ መፈረም ወይም አሻራቸውን ማኖር አለባቸው። ሰነዱን አዙረው ሰጡንና መነበቡን የሚገልጸውን መስመር እንድንፈልግ ነገሩን። እዚያ የነበርነው ሁሉ ተራ በተራ ፈለግን። አልነበረም። ለሳምንታት በአሻራው ስንቃጠል፣ እዚያው ወረቀት ላይ ያለውን ጉድለት አንዳችንም አላየነውም ነበር። ያም ሆኖ ጠበቃችን እንደምናሸንፍ ቃል አልገቡልንም፤ የትኛው ነጥብ ጠንካራ፣ የትኛው ደካማ እንደሆነ፣ ሌላኛው ወገን ምን ሊያነሣ እንደሚችል በአንድ ገጽ ጽፈው ሰጡን።

ውላችን በጽሑፍ ነበር። ክፍያው ክሱ ሲቀርብ፣ ምስክር ሲሰማና ፍርድ ሲሰጥ በሦስት ተከፍሎ የሚፈጸም ሆኖ፣ ለፍርድ ቤት የሚከፈለው የዳኝነት ገንዘብ ለብቻው በደረሰኝ እንደሚወራረድ ተጽፎበታል፤ ይግባኝ ቢኖር ስንት እንደሚከፈልም እንዲሁ። ሳንጠይቃቸው የጥብቅና ፈቃዳቸውን አሳይተውን ፍትሕ ሚኒስቴር ሄደን እንድናጣራ ነግረውናል። ሁለቱ ጠበቆች በሽርክና የተደራጁት አዋጅ ቁጥር 1249/2013 ይህን ከፈቀደ በኋላ ነው፤ የዚህን ጥቅም ያየነው ከፍተኛዋ ጠበቃ ቀዶ ሕክምና ባደረጉ ጊዜ ነው። ውላችን ከድርጅቱ ጋር ስለነበር ወጣቱ ጠበቃ መዝገቡን እንደ ራሱ እጅ ያውቀው ኖሮ፣ ቀጠሮ ሳይተላለፍ፣ እንደ አዲስ ማስረዳት ሳያስፈልገን፣ በማግስቱ ችሎት ፊት ቆመልን።

የመጀመሪያው ሥራ ቤቱ እንዳይሸጥ ማድረግ ነበር፤ ደላላ ሰው ይዞ ግቢውን ማሳየት ጀምሮ ነበርና። በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 154 መሠረት የእግድ ማመልከቻው ከክሱ ጋር ቀረበ። ፍርድ ቤቱ እግዱን በፈቀደበት ቀን ወጣቱ ጠበቃ ትእዛዙን ይዞ እስከ ክፍለ ከተማው የመሬት ጽሕፈት ቤት ድረስ አብሮን ሄዶ፣ ገቢ ተደርጎ ቁጥር እስኪሰጠው ድረስ መስኮቱ ላይ ቆሞ ጠበቀ። የአሜሪካው ወንድማችን ጉዳይ ደግሞ የራሱ ጣጣ ነበረው። ውክልናውን ዋሽንግተን በሚገኘው ኤምባሲያችን አረጋግጦ ላከ፤ እዚህ ደርሶ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ከተረጋገጠ በኋላ በሰነዶች ማረጋገጫ ተመዘገበ። ዜግነት የቀየረ በመሆኑ በቤቱ ላይ መብት የለውም የሚል ክርክር እንደሚነሣ ጠበቃችን ከመጀመሪያው ቀን ስለገመቱ፣ ለትውልደ ኢትዮጵያውያን የሚሰጠውን መታወቂያ፣ ቢጫ ካርዱን፣ ቀድሞ እንዲያወጣ አድርገው ነበር። ክርክሩ እንደተባለውም ተነሣ፤ ለትውልደ ኢትዮጵያውያን የመኖሪያ ቤት ባለቤትነትን የሚፈቅደው አዋጅ ቁጥር 270/1994 ከካርዱ ጋር ቀርቦ መልስ ሆነው።

እዚህ ላይ የዕድራችንን ጸሐፊ ሳላነሣ ማለፍ አልችልም። የእናታችንን ፊርማ ለማሳየት ሰነድ ሲያስፈልግ፣ የአሥራ አራት ዓመት የመዋጮ መዝገብ በጨርቅ ጠቅልለው፣ በታክሲ ተጭነው፣ ልደታ ድረስ አመጡልን። ከወር ወር፣ ከዓመት ዓመት፣ የእናታችን እጅ እየደከመና መስመሩ እየተንቀጠቀጠ ሲሄድ ይታያል፤ ከማረፋቸው በፊት ባለው ታኅሣሥ እንኳ ስማቸውን ጽፈዋል። መዝገቡ ሲገለጥ ችሎቱ ውስጥ የተቀመጥን ሁላችንም አለቀስን። ጠበቃችን አሻራው ብቻውን አያሸንፍም ቢሉም፣ ይህን ማስረጃ ከማቅረብ አልቦዘኑም፤ ለዋናው ነጥብ ድጋፍ አድርገው በቦታው አስቀመጡት።

ምስክር የተሰማበትን ቀን ግን መቼም አልረሳውም። ከአራቱ የኑዛዜ ምስክሮች አንደኛው የምናከብራቸው የሰፈራችን ሽማግሌ ናቸው። ጠበቃችን በመስቀለኛ ጥያቄ ሦስት ነገር ብቻ፣ ድምፃቸውን ሳያነሡ፣ «አባቴ» እያሉ ጠየቋቸው፦ ጽሑፉ ሲነበብ ሰምተው እንደሆነ፣ ሌሎቹን ምስክሮች በስፍራው አይተው እንደሆነ፣ መቼ እንደፈረሙ። ሽማግሌው ሲነበብ እንዳልሰሙ፣ ሌሎቹንም እንዳላዩ፣ ከሁለት ቀን በኋላ ወረቀቱ ቤታቸው ድረስ መጥቶላቸው እንደፈረሙ በእውነት መለሱ። እኔ ከኋላ ሆኜ ይቀጥሉ፣ ያሳፍሯቸው እያልኩ በልቤ እጮህ ነበር። ጠበቃችን ግን ለፍርድ ቤቱ እጅ ነሥተው ተቀመጡ። በእረፍት ሰዓት ለምን እንዳቆሙ ስጠይቃቸው፣ የሚያስፈልገው ተነግሯል፤ ከዚህ በላይ ያለው አብራችኋቸው የምትኖሩትን ሰው ማቁሰል ነው አሉኝ። እኒያ ሽማግሌ ዛሬም በዕድሩ ድንኳን አጠገባችን ይቀመጣሉ። ቃላቸውን ሳያጥፉ እውነቱን ስለተናገሩም በዚህ መልእክት ከሚመሰገኑት መካከል ናቸው።

ኑዛዜው ፈራሽ ነው ተብሎ የተፈረደው በ2016 ዓ.ም. ነው። ይግባኝ ተጠየቀበት፤ የበላይ ፍርድ ቤቱም ፍርዱን አጸናው። በመካከሉ የነበረው ጥበቃ፣ የተላለፉት ቀጠሮዎች፣ የክረምቱ የፍርድ ቤት ዕረፍት፣ ሁሉም አድካሚ ነበሩ። ነገር ግን የቢሮው ጸሐፊ ከእያንዳንዱ ቀጠሮ በፊት ባለው ቀን ደውላ ታስታውሰን፣ ከቀጠሮውም በኋላ የሆነውን በዚያው ቀን ትነግረን ስለነበር፣ በእነዚያ ዓመታት ውስጥ ጉዳያችን የት እንደደረሰ ሳናውቅ ያደርንበት ቀን አልነበረም። የቢሮው ጸሐፊ እኅታችን፣ እንዲህ አድርገሽ አገልግለሽናልና እግዚአብሔር ያክብርሽ።

ፍርዱ ከጸና በኋላ ጠበቃችን አንድ ነገር ጨመሩ። የአፈጻጸም መዝገብ ከመከፈቱ በፊት ዘመዳችንን በሽማግሌ እንድናነጋግር፣ ለጣሪያው ጥገና ከኪሱ ያወጣውን ገንዘብ እንድንመልስለትና ሌላ ቤት እስኪያገኝ ጊዜ እንድንሰጠው መከሩን። በአፈጻጸም መዝገብ ተጨማሪ ክፍያ ሊያገኙ ይችሉ ነበር፤ ያን ትተው ነው ይህን የመከሩን። ሽማግሌዎቻችን ሦስት ጊዜ ተቀምጠው ጉዳዩን ጨረሱልን፤ የጣሪያውን ወጪ በደረሰኙ ልክ ከፈልነው፣ ስድስት ወርም በሰርቪስ ቤቱ ቆየ። የስምምነቱን ጽሑፍ ያዘጋጀው ወጣቱ ጠበቃ ነው፤ ለዚህ ሥራ ገንዘብ አልተቀበለንም።

እንግዲህ፣ የተከበሩ ጠበቃችን፣ ሕመምዎን ተቋቁመው ዳግም ቢሮዎ ገብተው ስላየንዎት ደስታችን ወሰን የለውም፤ ጤናና ረጅም ዕድሜ ይስጥልን። ወጣቱ ጠበቃችን፣ እናትህ ባንተ ይኩሩ። መንገዱን ላሳዩን መምህራችን፣ መዝገቡን ለተሸከሙልን የዕድሩ ጸሐፊ፣ ስለ እናታችን ፊርማ ለመሰከሩ ጎረቤቶቻችን፣ በክረምት ጭቃ ለተመላለሱልን ሽማግሌዎቻችን፣ ሌሊት እየተነሣ ከሩቅ ለሚደውልልን ወንድማችን፣ ሁላችሁንም በእናታችን ስም እናመሰግናለን። የእናታችን የአራተኛ ዓመት መታሰቢያ በመጪው ጥር በዚያው ግቢ፣ በዚያው በረንዳ ይደረጋል። ዘመዳችንም እንደሚመጣ ቃል ገብቶልናል፤ እናንተም ከእኛ ጋር እንድትቀመጡ በአክብሮት እንጠራችኋለን።

ከታላቅ አክብሮት ጋር
አራቱ ልጆች
አዲስ አበባ