ዶሮ ባለቀበት ግቢ ድመቷም ትታይ

ለኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ግብርና ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ የኢንፍሉዌንዛ ምልክቶችን በድመትና በሌሎች የቤት እንስሳት ላይም ስለመከታተል

በአገራችን የጓሮ ዶሮ በድንገት ማለቅ ሲጀምር ባለቤቱ «ፈንግል ገባ» ብሎ የተረፉትን ቶሎ ያርዳል ወይም ገበያ ያወጣል። ብዙ ጊዜ ግምቱ ትክክል ነው። ነገር ግን ከባዱ የወፍ ኢንፍሉዌንዛም እንቁላል ስለሚያስቋርጥ፣ ራስን ስለሚያሳብጥ፣ በአናት ላይ ያለውን ቀይ ሥጋ ስለሚያጠቁርና መንጋውን በቀናት ውስጥ ሊጨርስ ስለሚችል፣ ሁለቱን ያለ ላቦራቶሪ መለየት ለእኛ ለእንስሳት ሐኪሞችም ያስቸግረናል።

ፍንጭ ልትሰጠን የምትችለው ብዙም የማናስተውላት የቤት ድመት ናት። ፈንግል ድመትን አያሳምምም፤ ኤች5ኤን1 የተባለው የወፍ ኢንፍሉዌንዛ ግን ሊገድላት ይችላል። በ2024 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ቴክሳስ ግዛት የወተት ላሞች መብላት ቀንሰው ወተታቸው እንደ እንገር ወፍሮ ቢጫ ሲሆን፣ ጥሬውን ከጠጡት የእርባታው ድመቶች ብዙዎቹ ዓይናቸው ጠፍቶ፣ እየተንገዳገዱ ሞቱ፤ ቫይረሱም በላሞቹም በድመቶቹም ተገኘ። በእኛ ቤት ደግሞ ለአውዳመት ዶሮ ሲበለት ጥሬው ሆድ ዕቃ የሚወረወረው ለድመቷ ነው፤ በሽታ የገደለው ዶሮ ሲጣልም ቀድማ የምትደርሰው እሷው ናት።

እርግጥ የምታስነጥስ ድመት ሁሉ አታስደነግጥም። ዓይንና አፍንጫዋ የሚፈስ፣ ምላሷ የቆሰለ ድመት አብዛኛውን ጊዜ የያዛት የድመቶች የራሳቸው ጉንፋን ነው፤ እሱም ወደ ሰው አይተላለፍም። የሚያሳስበው የታመመ ወይም የሞተ ወፍ አጠገብ የነበረች ድመት በጥቂት ቀናት ውስጥ ምግብ ትታ፣ አተኩሷት ስታለከልክ፣ ስትንቀጠቀጥ ወይም መሄጃው ሲጠፋት ነው። ይህ የእብድ ውሻ በሽታንም ስለሚመስል ሰው ደብድቦ ገድሎ ቦይ ውስጥ ይጥላታል፤ ናሙናውም በዚያው ይቀራል። በሁለቱም ጥርጣሬ በባዶ እጅ መንካት እንደማይገባ በሬዲዮ ቢነገር መልካም ነው።

ስለዚህ ሚኒስቴሩ የወረዳ ባለሙያዎች የዶሮ ሞት በሚመዘግቡበት ቅጽ ላይ «በግቢው የታመመ ወይም የሞተ ድመት፣ ውሻ ወይም የዱር ወፍ አለ?» የሚል ጥያቄ እንዲያካትት፣ መልሱ አዎ ከሆነም ናሙናው ሰበታ ወደሚገኘው የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት በምን መንገድና በማን ወጪ እንደሚላክ በግልጽ እንዲወስን እጠይቃለሁ። ሥራው ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጡ ዳክዬዎች በሚከርሙባቸው በዝዋይና በሌሎች የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ዙሪያ ቢጀመር ይመረጣል። አርቢው ዶሮዎቹ ያለ ካሳ እንደሚወገዱበት ከጠረጠረ ግን የድመቷን ሞት ቀርቶ የዶሮዎቹንም አይናገርም፤ የካሳው ጉዳይ ከቅጹ በፊት ይወሰን።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የእንስሳት ሐኪም