ከ20 በኋላ ያሉት ቀናት

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፤

እንደምን ሰነበትክልኝ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። በስልክ የነገርከኝን ዕዳ ቁጭ ብዬ በወረቀት አሰፈርኩት። ለባለሱቁ ዱቤ 2,800፣ የስልክ ብድር 3,000፣ በወለድ ላበደረህ ሰውዬ 12,000፣ ዕጣው ቀድሞ የወጣልህ ዕቁብ ደግሞ በወር 1,500 ገና 8 ወር ስለሚቀርህ 12,000። ሲደመር 29,800 ብር ነው። ሳትደብቅ ስለነገርከኝ ተባረክ። እንዲህ ተዘርዝሮ የታየ ዕዳ መውጫ አለው።

ዝርዝሩን ሳየው ዓይኔ የገባው ድምሩ አልነበረም። ዱቤውም ሆነ የስልክ ብድሩ የሚወሰደው ሁልጊዜ ወሩ ከ20 ካለፈ በኋላ ነው። ደመወዝህ 20 ቀን ይወስድሃል፣ የቀሩትን 10 ቀናት በሰው ገንዘብ ትኖራለህ፣ ደመወዝ ሲገባ ያንን ትመልሳለህ፣ ቀጣዩ ወር ከመጀመሪያው ጎዶሎ ይሆናል። ብዙ ሰው ዕዳ ሲያስጨንቀው ደመወዝ በገባ ዕለት በወኔ ተነስቶ እጁ ላይ ያለውን ሁሉ ለአበዳሪ ያስረክባል። በ15 ባዶ ኪሱን ይቀርና ከከፈለው በላይ ይበደራል። ስለዚህ አንተ መጀመሪያ የምትዘጋው እነዚያን 10 ቀናት ነው፤ ዕዳው ከዚያ በኋላ በራሱ ጊዜ እየጎደለ ይሄዳል።

ከዚያ በፊት ግን የአራጣው ነገር አንድ ሳምንትም አይደር። 12,000 ብር በወር 10 በመቶ ማለት 1,200 ብር ወለድ ነው፤ በ10 ወር የተበደርከውን ያህል ከፍለህ ዋናው 12,000 ሳይነካ ይጠብቅሃል። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በግለሰቦች መካከል ያለ ብድር ወለዱ በዓመት ከ12 በመቶ እንዳይበልጥ ይከለክላል፤ አንተ የምትከፍለው በዓመት 120 በመቶ ነው። የስልክ ብድሩም ቢሆን 30 ቀን በሞላ ቁጥር 180 ብር ከፍለህ እንደገና እንደምትወስደው ነግረኸኛል። ሁለቱ ተደምረው በወር 1,380 ብር ይወስዱብሃል፣ ዕዳህ ግን አንድ ብር አይቀንስም።

መሥሪያ ቤትህ ባለው የቁጠባና ብድር ማህበር 5,000 ብር ቆጥበሃል። የቁጠባህን 3 እጥፍ የሚያበድሩ ከሆነ 15,000 ታገኛለህ፤ አራጣውንና የስልኩን ብድር ልክ ይዘጋል። ወለዱ በዓመት 15 በመቶ ቢሆንና በ12 ወር ብትመልሰው ክፍያው በወር 1,354 ብር ገደማ ይመጣል። ዛሬ ለወለድ ብቻ ከምታወጣው ያነሰ ነው፣ ዓመት ሲሞላም ያልቃል። ቅጹን ከመፈረምህ በፊት አንድ ነገር ጠይቅ፤ ወለዱ የሚታሰበው እየቀነሰ በሚሄደው ቀሪ ዕዳ ላይ ነው ወይስ እስከ መጨረሻው በ15,000ው ላይ? በቀሪው ላይ ከሆነ የዓመቱ ወለድ ወደ 1,250 ብር ነው፤ በ15,000ው ላይ ከሆነ 2,250። በመቶኛው አንድ ሆኖ ሳለ 1,000 ብር ይለያያል። ቀድሞ መክፈል ቅጣት እንዳለውና እንደሌለውም አብረህ ጠይቅ።

አራጣውን ስትከፍል በባንክ አስተላልፍ፤ ምክንያት በሚለው ቦታ ላይ «የብድር ማጠናቀቂያ» ብለህ ጻፍ። የፈረምክበትን ዋናውን ወረቀት፣ ቼክም ሰጥተህ ከሆነ ቼኩን፣ ምስክር ባለበት ሳትቀበል አትመለስ። እንዲህ ዓይነት ውል ላይ ብዙ ጊዜ ወለዱ ከዋናው ጋር ተደምሮ ስለሚጻፍ፣ ወረቀቱ ሰውዬው እጅ ከቀረ ነገ የተጨመረበት ገንዘብ ልትጠየቅ ትችላለህ።

ማህበሩ ዋስ ይጠይቅሃል። የሚፈርምልህ የሥራ ባልደረባ ነገ በተራው ዋስ ሁነኝ ማለቱ አይቀርም። ዕዳህ እስኪያልቅ ለማንም እንደማትፈርም ዛሬውኑ ንገረው፤ ዋስ የሆንክለት ሰው ሥራ ቢለቅ የሚቆረጠው ካንተ ደመወዝ ነው። መጀመሪያ ላይ መናገር ያሳፍራል፣ በኋላ መከልከል ግን ያጣላል።

ዕቁቡን እንዳታቋርጥ። ዕጣው የወጣለት ሰው መጣል ቢያቆም ዳኛው የሚይዘው ዋሱን ነው፤ ወዳጅህንም ስምህንም ታጣለህ። 8ቱን ወር ጨርስ። ሌላ ዙር ከገባህ መጨረሻ ላይ እንዲደርስህ ተነጋገር። መጀመሪያ የሚደርስ ዕቁብ ብድር ነው፣ መጨረሻ የሚደርሰው ቁጠባ ነው።

አሁን ወደ ወሩ እንምጣ። ከ11,000 ብርህ የማህበሩ 1,354 ከደሞዝ ላይ ሲቆረጥ 9,646 ይቀራል። ኪራይ 2,500፣ ዕቁብ 1,500፣ ለባለሱቁ 700፤ ቀሪው 4,946 ነው። ባለሱቁ በ4 ወር ያልቃል። ደመወዝ በገባ ዕለት 700ውን ስትሰጠው የእሱን ደብተር ካንተ ጋር አስተያይ፤ በዚያው ሱቅ ከእንግዲህ በእጅ ገንዘብ ብቻ ግዛ። በልማድ «ጻፈው» ማለት ከአፍህ እስኪጠፋ ሌላ ሱቅ ብትሄድም ቅር አይበልህ።

ከ4,946ቱ ውስጥ 1,900 የወር አስቤዛ ነው፤ ጤፍ፣ ዘይት፣ ምስር፣ ጨው፣ ቡና፣ ሳሙና። 600 ለመብራት፣ ለውኃ፣ ለስልክና ለእድር ይሁን። እድሩን ለመቀነስ እንዳታስብ፤ በክፉ ቀን ቤትህ የሚቆመው እሱ ነው። የሚቀርህ 2,446 ነው።

የልማዳችን ችግር ይህን በ4 ሳምንት መክፈል ነው። 4 ሳምንት 28 ቀን ነው፤ 2 ቀን ሜዳ ላይ ይቀራል። የእኛ ወር ሁልጊዜ 30 ቀን ስለሆነ በ5 ፖስታ ክፈለው፤ እያንዳንዱ ለ6 ቀን 480 ብር። በላያቸው ከ1 እስከ 6፣ ከ7 እስከ 12፣ ከ13 እስከ 18፣ ከ19 እስከ 24፣ ከ25 እስከ 30 ብለህ ጻፍ። ጥሬ ገንዘብ ይሁን፤ ስልክ ላይ ያለ ብር ሲያልቅ አይታይም። ቤትህ አስተማማኝ ካልሆነ ባንክ ትተኸው በየ6 ቀኑ 480 ብቻ አውጣ።

አንዱ ፖስታ በ4ኛው ቀን ቢያልቅ ሁለት ቀን ከአስቤዛው ብላ፣ ሥራም በእግርህ ሂድ። ቀጣዩን እንዳትከፍት። አንድ ጊዜ ቀድሞ የተከፈተ ፖስታ ጉድለቱን እያሻገረ ወስዶ የ25ቱ ላይ ያራግፈዋል፤ ያኔ እዚያው ከ20 በኋላ ያለው ጉድጓድ ውስጥ ነህ።

ከ2,446ቱ ላይ 46 ብር ተርፏል። 40ውን በየወሩ ለብቻ አኑር፤ በ12 ወር 480 ይሆናል። ይህ የጳጉሜን ፖስታ ነው። የመንግሥት ደመወዝተኛ ለጳጉሜን አይከፈለውም፤ የነሐሴ ደመወዝ 35 ቀን ይዘልቃል፣ በ2019 ደግሞ ጳጉሜን 6 ስለሆነች 36። በዚያ ላይ እንቁጣጣሽ ወዲያው ይከተላል፣ መስቀልም የመስከረም ደመወዝ ሳይደርስ ይመጣል። በየዓመቱ አዲስ ዕዳ የሚወለደው እዚህ ነው።

ምግቡን በተመለከተ፣ ጤፉን ከሁለት ጎረቤት ጋር ሆነህ ከገበያ ግዛና አስፈጭተህ ለጋጋሪ ስጥ። ከ1 ኪሎ ዱቄት ስንት እንጀራ እንደወጣ ቁጠር፣ ከሱቁ ዋጋ ጋር አወዳድር። የሐዋሳ ሙቀት እንጀራ ቶሎ ያሻግታል፤ ትኩሱን ደራርበህ ከከደንከው እንፋሎቱ በሁለት ቀን ያበላሸዋል። አንድ በአንድ አቀዝቅዘህ ደርድር፣ በ3ኛው ቀን የተረፈውን በፀሐይ አድርቀህ ድርቆሽ አድርገው፣ ለፍርፍር ይሆናል። ሽሮ ለአንድ ሰው ለአንድ ጊዜ 40 ግራም ይበቃል፤ 1 ኪሎ 25 ጊዜ ያበላል ማለት ነው። እዚያ አገር ቆጮ በየገበያው አለ፤ ሳይበላሽ ስለሚቆይ ፖስታው ሲሳሳ ከጎመን ጋር ያደርስሃል። ዓሣ ካማረህ የዚያን ቀን ብቻ ግዛ፣ ማቀዝቀዣ የለህምና።

ባጃጅ ኮንትራት አትያዝ። መሃል ከተማው ዳገት የለውም፤ ጠዋት ፀሐይ ሳይበረታ አንዱን መንገድ በእግርህ ሂድ።

ከጓደኞችህ ጋር ያለውንም አውቃለሁ። ቡና ተጠጥቶ ሁሉም «እኔ ልክፈል» ሲል ቀድመህ የምትከፍለው አንተ ነህ፤ አንድ ጊዜ የአምስት ሰው ሒሳብ ግማሽ ፖስታ ይበላል። ለሁለቱ ቅርብ ጓደኞችህ ዕዳ እየከፈልኩ ነው በላቸው። ወዳጅነቱ እንዳይቀር ቅዳሜ ቤትህ ቡና አፍላ፤ ያው ቡና በቤት አንድ ፖስታ አይነካም።

ከ5ኛው ወር ጀምሮ የባለሱቁ 700 ነጻ ይሆናል። 4 ወር ሳትነካው አጠራቅመው፣ 2,800 ይሆናል፤ ለሕመምና ለድንገተኛ መንገድ ብቻ ይውላል። በ8ኛው ወር ዕቁቡ ሲያልቅ የማህበሩ ቀሪ ዕዳ 5,250 ገደማ ነው። ከመደበኛው ክፍያ ጋር የዕቁቡን 1,500 እና 700ውን ጨምርበት፤ በ10ኛው ወር ይዘጋል።

በርበሬና ሽሮ አስፈጭቻለሁ፤ ለሁለት ወር የሚበቃህን በአውቶቡስ እልካለሁና መናኸሪያ ሄደህ ተቀበል። የማህበሩን ቅጽ ሰኞ ጠይቅ። ከመፈረምህ በፊት ፎቶ አንስተህ ላክልኝ፣ ወለዱን አብረን እናሰላዋለን።

እናትህ