የሎጎ ሐይቅ ክትትል ከዳርቻው ይጀመር

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

የጣናን እምቦጭ ካየን ወዲህ ሐይቅ የሚታመመው አረም ሲወርረው ብቻ ይመስለናል። ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ላለው ሎጎ ሐይቅ ግን ያን ቀን መጠበቅ የለብንም። ሎጎ በገጸ ምድር መውጫ የለውም፤ ከማሳ ታጥቦ የገባ ማዳበሪያ አብዛኛው እዚያው ይከማቻል። ከመግባቱ በፊት የሚይዝልን በዳርቻው ያለው የፊላና የቄጠማ ረግረግ ስለሆነ፣ ክትትሉም ከዚያ መጀመር አለበት።

አንድ ጠርሙስ ውሃ ቀድቶ መላክ የዚያን ቀን ሁኔታ ብቻ ያሳያል። በረግረጉ የሚኖሩ ጥቃቅን እንስሳት ግን ያለፉትን ወራት ይመሰክራሉ። ቀዳዳው ግማሽ ሚሊ ሜትር የሆነ ባለ እጀታ መረብ ይዞ በፊላው፣ በቄጠማውና በውሃ ውስጥ በሚበቅለው ተክል መካከል ለየብቻ ሦስት ሦስት ጊዜ መጥረግ ይበቃል። የሦስቱን ቦታ ናሙና መቀላቀል ግን ሥራውን ዋጋ ያሳጣዋል። ነጭ ሳህን ላይ ገልብጦ ከእንስሳቱ 150 ያህሉን መልቀምና በ70 ከመቶ አልኮል ማቆየት ነው። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፤ ለቃሚው ትልልቁንና የሚንቀሳቀሰውን ብቻ ያነሳል። የውሃ ተርብ እጭና ሌላው ዓይነት ጠፍቶ ደም የመሰለው ቀይ የትንኝ እጭ ብቻ ከበዛ ኦክስጅን አንሷል ማለት ነው፤ ቅላቱ ኦክስጅን የሚይዘው የሄሞግሎቢን ነውና በጥቂት ኦክስጅን ይኖራል።

ኦክስጅን ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ መለካት ያታልላል። ፀሐይ ላይ ዋቅላሚው (አልጌው) ያመርተዋል፣ ሌሊት ሁሉም ይተነፍሰዋል፤ ስለዚህ ጎህ ሲቀድ ይለካ። መሣሪያውም ለከፍታው ይስተካከል። በ20 ዲግሪ ሙቀት በባሕር ወለል ላይ ያለ ውሃ በሊትር 9.1 ሚሊ ግራም ሲይዝ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ያለው የሎጎ ውሃ የሚይዘው 7.2 አካባቢ ነው። ይህ ካልታሰበ ጤነኛው ዳርቻ የታመመ ይመስላል። ከማዳበሪያው የሚገባውን ፎስፈረስ ለመለካት የሚቀዳበት ጠርሙስ ደግሞ በዱቄት ሳሙና አይታጠብ፤ ሳሙናው ራሱ ፎስፌት፣ ማለትም የፎስፈረስ ውህድ፣ ሊኖረው ይችላል።

በሰሜን አሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከ4 ሄክታር በላይ የሆኑ የዳርቻ ረግረጎች በየዓመቱ አንድ አምስተኛቸው ይታያሉ፤ በአምስት ዓመት ዙሩ ይሞላል። የእኛው ሐይቅ ትንሽ ነው፣ ዙሪያውን በየዓመቱ መጨረስ ይቻላል። አንዴ ጥቅምት ላይ፣ ዝናቡ ካቆመ በኋላ፤ አንዴ ደግሞ ጥር ላይ፣ በዚያው ቦታ፣ በዚያው አሠራር። ውሃው ሲሸሽ የተክሉ መስመርም አብሮ ይሸሻልና ከቦታው ጋር የውሃው ጥልቀትና ከፍታ ይመዝገብ።

የወሎ ዩኒቨርሲቲ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ አለ፤ ሐይቁም ያለው በተሁለደሬ ወረዳ ነው። ሁለቱ ተስማምተው ቢጀምሩት፣ የመመዝገቢያው ቅጂ በወረዳው ጽሕፈት ቤትም ይቀመጥ። ለመመረቂያ ጽሑፍ ብቻ የተሰበሰበ መረጃ ተማሪው ሲመረቅ አብሮት ይሄዳል።

የውሃ ሥነ ምሕዳር ባለሙያ
ከደሴ