ተርሚናል የተባለው ስፍራ በየትኛው መመዘኛ ተለየ?

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፦

በጉዞ፣ በስልክ ጥሪ ወይም በንግድ ልውውጥ መረጃ ላይ የተመሠረቱ ካርታዎች በጋዜጣዎ ሲወጡ፣ አንዳንድ ስፍራዎች «ዋና ማዕከል» ተብለው ይቀርባሉ፤ የተለዩበት መመዘኛ ግን አይገለጽም። በስታቲስቲክስ ሥራ ላይ ለተሰማራ እንደ እኔ ላለ ሰው ይህ ቀላል ግድፈት አይደለም።

በስፍራዎች መካከል ያለውን ፍሰት (የጉዞ፣ የጥሪ ወይም የንግድ እንቅስቃሴ) በሚገምቱት የቦታ መስተጋብር ሞዴሎች ውስጥ እንዲህ ያለው ስፍራ ተርሚናል ይባላል (መናኸሪያ ማለት አይደለም)። የጂኦግራፊ ተመራማሪዎቹ ጆን ናይስቱየንና ማይክል ዴሲ እ.ኤ.አ. በ1961 በአሜሪካ የዋሽንግተን ግዛትን የስልክ ጥሪዎች መርምረው ባወጡት መመዘኛ መሠረት፣ አንድ ስፍራ ተርሚናል የሚሆነው ከእሱ ከሚወጡት ፍሰቶች ትልቁ ከእሱ ወደሚያንስ ስፍራ ሲሄድ ነው፤ የስፍራዎቹ መጠን የሚለካውም በገቢ ፍሰታቸው፣ ማለትም ከሌሎች ስፍራዎች ወደ እነሱ በሚገባው ፍሰት፣ ድምር ነው። ትሬሲ ሪልና አለን ዊልሰን የጥንታዊ ግሪክ ሰፈሮችን ሲያጠኑ የተጠቀሙበት መመዘኛ ግን የገቢ ፍሰቱ ድምር ከትልቁ ነጠላ ወጪ ፍሰት መብለጡን ብቻ ይጠይቃል።

ልዩነቱ በቁጥር ይታይ። ከሀ ወደ ለ 60፣ ወደ ሐ 40፤ ከለ ወደ ሀ 90፣ ወደ ሐ 30፤ ከሐ ወደ ሀ 50፣ ወደ ለ 20 ጉዞዎች አሉ እንበል። ገቢያቸው በቅደም ተከተል 140፣ 80 እና 70 ይሆናል። በመጀመሪያው መመዘኛ ተርሚናል የሚሆነው ሀ ብቻ ነው። በሁለተኛው ግን ሐም ይጨመራል፤ ገቢው 70፣ ትልቁ ወጪው 50 ነውና። በገቢ ከሐ የሚበልጠው ለ ደግሞ 80ው ከ90 ስለሚያንስ ይወድቃል። ሰንጠረዡ አንድ ሆኖ ሳለ ካርታው ሁለት ይሆናል።

ከዚህ የባሰው ስፍራው በራሱ ውስጥ የሚያስቀረው ፍሰት ነው። ለ ብቻ 100 የውስጥ ጉዞ ኖሮት ይህ በገቢው ላይ ቢደመር፣ ድምሩ 180 ሆኖ ሀን ይበልጣል፤ የውስጥ ጉዞው ከወጪ ፍሰቶች ጋር እስካልተወዳደረ ድረስም በመጀመሪያው መመዘኛ ተርሚናሉ ሀ መሆኑ ቀርቶ ለ ይሆናል። ሶፍትዌር ይህን ሁሉ በቅጽበት ያሰላል፤ አር (R) በተባለው የኮምፒውተር ፕሮግራም ቋንቋ የሚሠራ ሰው መመዘኛውንም ሆነ የውስጥ ፍሰቱን አያያዝ በአንድ መስመር ትእዛዝ ሊለውጠው ይችላል። ምርጫው ግን የሰው ነው፤ ተጠያቂነቱም እንዲሁ።

ስለዚህ ከእያንዳንዱ ካርታ ግርጌ መመዘኛው፣ የውስጥ ፍሰት መካተት አለመካተቱ፣ እንዲሁም ፍሰቱ የተቆጠረ ይሁን በሞዴል የተገመተ በአንድ ዓረፍተ ነገር እንዲጻፍ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የስታቲስቲክስ ባለሙያ