የኮሚክና የፊልም ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ፦ ተርታው ሰው የት ሄደ?

ክበባችን የዘንድሮ ሥራውን የጀመረው በጥቅምት ወር ሁለተኛ ሳምንት፣ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል በተመዘገቡ 27 አባላት ነበር። ዘወትር ረቡዕ ከትምህርት ሰዓት በኋላ በቤተ መጻሕፍቱ የኋላ ክፍል እየተሰበሰብን፣ በመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት አንድ ታሪክ በኮሚክ መልኩ ለማንበብ፣ በሁለተኛው ያንኑ ታሪክ በፊልም ለማየት፣ በመጨረሻም የራሳችንን ኮሚክ ለማዘጋጀት አቀድን። የመረጥነው የአሜሪካው የኮሚክ አሳታሚ ማርቭል እ.ኤ.አ. ከ2006 እስከ 2007 በሰባት እትሞች ያወጣውን፣ ማርክ ሚላር የጻፈውንና ስቲቭ ማክኒቨን የሣለውን «ሲቪል ዋር»፣ እንዲሁም ከዚሁ ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣውን «ካፕቴን አሜሪካ፦ ሲቪል ዋር» የተሰኘውን ፊልም ነው። ምርጫው የእኔ፣ የክበቡ አስተባባሪ፣ መሆኑን መግለጽ ይገባኛል። ሰባቱን እትሞች የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለሁ አሜሪካ የሚኖሩ አጎቴ ልከውልኝ ነበር፤ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ቤት በቀየርኩ ቁጥር በእጄ ይዣቸው የምሄደው እነዚህን ነው።

ታሪኩን ለማያውቁ አንባቢያን ያህል፣ ኮሚኩ የሚከፈተው በኮኔቲከት ግዛት በምትገኘው ስታምፎርድ ከተማ ነው። ለቴሌቪዥን ትርዒት የሚቀረጹ ወጣት ጀግኖች ከአቅማቸው በላይ የሆኑ ወንጀለኞችን ለመያዝ ሲሞክሩ፣ ከወንጀለኞቹ አንዱ በትምህርት ቤት አጠገብ ራሱን ያፈነዳና ሕፃናት የሚገኙባቸው ከ600 በላይ ሰዎች ያልቃሉ። መንግሥትም ጭንብል ለባሽ ጀግኖች ሁሉ በእውነተኛ ስማቸው ተመዝግበው በሥሩ እንዲሠሩ የሚያስገድድ ሕግ ያወጣል። አይረን ማን ሕጉን ይደግፋል፤ ካፕቴን አሜሪካ አልቀበልም ይላል፤ ለዓመታት ተለያይተው ወይም ተረዳድተው የኖሩ ጀግኖችም በሁለት ይከፈላሉ።

ጽሑፉ በእንግሊዝኛ በመሆኑ ለታናናሾቹ አባላት ስንል ንግግሩን በወረቀት ቁራጭ ላይ በእርሳስ እየተረጎምን ከየሥዕሉ ሣጥን ሥር እናስቀምጥ ነበር። ብዙ ያከራከረን ኮሚኩ ሲወጣ ለማስታወቂያ ያገለገለው ጥያቄ ነው። «የማን ወገን ነህ?» ቢባል ሴቶቹ አባላት ቀሩ፤ «የማን ወገን ነሽ?» ቢባል ወንዶቹ ቀሩ፤ «የማን ወገን ነዎት?» ደግሞ ለጠብ የሚጋብዘውን ጥያቄ የሽማግሌ ጥያቄ አደረገው። በመጨረሻ «የማን ወገን ናችሁ?» በሚለው ተስማማን። ከዚያን ቀን ጀምሮ ክፍሉ ራሱ በሁለት ተከፍሎ መቀመጥ ጀመረ፤ የካፕቴን አሜሪካ ደጋፊዎች በመስኮቱ በኩል፣ የአይረን ማን ደጋፊዎች በግድግዳው በኩል።

ፊልሙን ያየነው ከወላጆች ፈቃድ ከተሰበሰበ በኋላ፣ በመጋቢት ወር በሁለት ረቡዖች ነው። ርዝመቱ 147 ደቂቃ ስለሆነ በአንድ ቀን እንደማይጠናቀቅ ብናውቅም፣ የት ላይ እንደሚቋረጥ የወሰነልን የመብራት መጥፋት ነበር። በቪየና የተባበሩት መንግሥታት ስብሰባ ላይ ፍንዳታው እንደ ደረሰ ክፍሉ ጨለመ፣ አባላቱም ሳምንቱን ሙሉ በጭንቀት ሰነበቱ።

በሁለተኛው ረቡዕ የሆነውን ግን ሳልጽፍ ማለፍ አልችልም። በጀርመን ላይፕዚግ አውሮፕላን ማረፊያ ስድስት ጀግኖች ከአንድ ወገን፣ ስድስት ከሌላው ወገን ተሰልፈው መሮጥ ሲጀምሩ ክፍሉ መጀመሪያ ጸጥ አለ፤ ከዚያም በአንድ ድምፅ ጮኸ። እኔም ጮኽሁ። እ.ኤ.አ. በ1941 የተፈጠረው ካፕቴን አሜሪካ፣ በ1962 የተፈጠረው ስፓይደር ማን፣ ስታን ሊና ጃክ ከርቢ በ1966፣ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በከተማችን ከተመሠረተ ከሦስት ዓመት በኋላ የፈጠሩት ብላክ ፓንተር፣ ሁሉም በአንድ ሜዳ ላይ ናቸው። በወረቀት ላይ ብቻ ይገናኙ የነበሩትን በሥጋና በደም ሲገናኙ ማየት ኮሚክ እያነበበ ላደገ ሰው ምን ማለት እንደሆነ ለማስረዳት ቃል ያጥረኛል። በምናብ የተፈጠረችው የአፍሪካ አገር የዋካንዳ ንጉሥ ከልጁ ከብላክ ፓንተር ጋር በኮሳ ቋንቋ ሲነጋገር ደግሞ ደስታዬ ሌላ ነበር። ቋንቋው በፊልሙ እንዲገባ ሐሳብ ያቀረቡት ንጉሡን የተጫወቱት ደቡብ አፍሪካዊው ጆን ካኒ እንደሆኑ ለአባላቱ ነግሬያቸዋለሁ።

ይሁን እንጂ ወደ ቤቴ የተመለስኩት በግማሽ ልብ ነው፤ ቅሬታዬም ቀን በጨመረ ቁጥር እየጠራ ሄደ። ጉዳዩ ከኮሚኩ የተቀነሱት ጀግኖች አይደለም። በዚያን ጊዜ ፋንታስቲክ ፎርና ኤክስ ሜን የተሰኙት የጀግኖች ቡድኖች የፊልም መብት በሌላ ኩባንያ እጅ ስለነበረ፣ በኮሚኩ በሕጉ ምክንያት የሚለያዩት የፋንታስቲክ ፎር ባልና ሚስት በፊልሙ ሊገቡ አይችሉም ነበር፤ ስፓይደር ማን ራሱ የገባው እ.ኤ.አ. በየካቲት 2015 ይፋ በሆነ የሁለት ኩባንያዎች ስምምነት ነው። በኮሚክ ጀግኖችን ለማገናኘት ብዕርና ቀለም ይበቃል፤ በፊልም ውል ያስፈልጋል። ይህን አባላቱ በቀላሉ ተረድተውታል፣ እኔም እቀበለዋለሁ። የከነከነኝ የተርታው ሰው ነገር ነው።

በኮሚኩ መጨረሻ እትም ካፕቴን አሜሪካ አይረን ማንን ጥሎ የመጨረሻውን ምት ሊያሳርፍበት ሲል፣ የእሳት አደጋ ሠራተኞች፣ የሕክምና ባለሙያዎችና ፖሊሶች ከየአቅጣጫው ተረባርበው ይይዙታል። ልቀቁኝ፣ ልጎዳችሁ አልፈልግም ይላቸዋል። እነሱ ግን ቀድሞውኑ ተጎድተዋል፤ ከተማቸው ከጀርባቸው እየነደደ ነው። ቀና ብሎ ሲያይ ያደረሰውን ጥፋት ይመለከታል፤ ጭንብሉንም አውልቆ እጁን ይሰጣል። ጠቡን የጨረሰው ተርታው ሰው ነው። በፊልሙ ግን ማረፊያው ከመንገደኞች ጸድቶ ነው ጀግኖቹ የሚፋለሙት፤ የመጨረሻው ጠብም በሳይቤሪያ በረዶ ውስጥ፣ በሦስት ሰዎች መካከል፣ በአንድ ቤተሰብ የደም ቂም ላይ ይሆናል። ጀግኖቹ በተባበሩት መንግሥታት ሥር እንዲሠሩ 117 አገሮች የፈረሙበት የፊልሙ ስምምነት፣ ሁለት ሰዓት ያከራከረን ጥያቄ፣ እዚያ ሲደርስ ይረሳል።

የሌጎሱ ክፍል ደግሞ ይበልጥ ቅር አሰኝቶኛል። በኮሚኩ የስታምፎርድ ፍንዳታ በነበረበት ቦታ ፊልሙ የናይጄሪያዋን ከተማ ተክቷል። በፊልሙ ውስጥ ካለው ዜና የምንሰማው ግን በዚያ ከሞቱት መካከል 11 ዋካንዳውያን እንደነበሩ ነው፤ ታሪኩም ወደ ፊት የሚራመደው በዋካንዳ ኀዘን ላይ ነው። በምናብ የተፈጠረች አፍሪካዊት አገር ሙታኗን የሚያለቅስ ንጉሥ ሲኖራት፣ በካርታ ላይ ያለችው አፍሪካዊት ከተማ ግን ስለ ነዋሪዎቿ የሚናገር አንድ ሰው እንኳ አላገኘችም። ይህን ነጥብ ያነሣው የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነው፤ እኔ ፊልሙን ቀደም ሲል ሁለት ጊዜ አይቼ ልብ አላልኩትም ነበር።

በግድግዳው በኩል ከተቀመጡት መካከል አንዲት የ12ኛ ክፍል ተማሪ በጽኑ ተከራክራኛለች። ሰው ስለ ሕግ ሲጣላ ከሥሩ ሁልጊዜ የራሱ ቁስል አለ፣ ፊልሙ እውነቱን ነው ያሳየው አለች። ለምስክርነትም በፊልሙ መጀመሪያ አካባቢ ያለችውን እናት ጠራች። ይህች እናት በጀግኖቹ ጦርነት የሞተውን የልጇን ፎቶግራፍ በአይረን ማን ደረት ላይ አስደግፋ ማን እንደሚበቀልለት ትጠይቀዋለች፤ አይረን ማን ከዚያ በኋላ የሚያደርገው ሁሉ ከዚያች ደቂቃ የመነጨ ነው። በኮሚኩም ልጇን ያጣች እናት አለች፤ እሷ ግን ፊቱ ላይ ትተፋበታለች። የፊልሙ ዝምታ ከምራቁ ይልቅ እንደሚከብድ አምኜ ተቀብያለሁ። ሆኖም ያች እናት ተመልሳ አትመጣም፤ ቅሬታዬም እዚያው ላይ ነው።

በሚያዝያና በግንቦት የራሳችንን ኮሚክ ሠራን። አሥር አባላት እያንዳንዳቸው የፈጠሩት ጀግና ነበራቸው፤ አሥሩ የሚገናኙበት ታሪክ ስም መፈለግ አላደከመንም፣ «መገናኛ» አልነው፤ ቦታውም ያው መገናኛ፣ የታክሲው ሰልፍና የረዳቶቹ ጩኸት እንዳለ ሆኖ። 16 ገጽ ነው፤ በፎቶ ኮፒ 40 ቅጂ አባዝተናል። የፎቶ ኮፒውን ወጪ ለሸፈኑት የወላጅ ኮሚቴ አባላት፣ ቦታ ለፈቀዱልን የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ምስጋናችን የላቀ ነው።

ገጽ 11ን የሣለችው የ9ኛ ክፍል አባል ናት። ሁለት ጀግኖች በድልድዩ ሥር ይፋለማሉ፤ በየሣጥኑ የታችኛው ጥግ ላይ ግን አንዲት ቲማቲም ሻጭ እናት አሉ። በመጀመሪያው ሣጥን ቲማቲሙን በመደብ በመደብ ደርድረዋል፤ በሁለተኛው ሸራቸው ይገለበጣል፤ በሦስተኛው ነጠላቸውን አጣፍተው ጎንበስ ብለዋል። ገጹ ተጨናንቋልና ሴትዮዋን ከአንዱ ሣጥን በቀር ከሌላው ብታወጫቸው ይሻላል አልኳት። መልስ አልሰጠችኝም። ከመደርደሪያው ሰባተኛውን እትም አምጥታ፣ ሰዎቹ ካፕቴን አሜሪካን የያዙበትን ገጽ ገልጣ ከሥዕሏ ጎን አስቀመጠችልኝ።

ገጹ እንዳለ ታትሟል። በመጨረሻው ሣጥን ጀግኖቹ ሄደዋል፤ ሴትዮዋ ከታክሲው ጎማ ሥር የቀረችውን ቲማቲም ለማውጣት እጃቸውን ዘርግተዋል፣ ረዳቱም ሾፌሩን «ቆይ፣ እንዳትነዳ!» ይላል።