እማዬ፣ ሌባ አልገባብንም

እማዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው?

ያኔ ስቶክሆልም መጥተሽ፣ ሳሎኔን ዞር ዞር ብለሽ አይተሽ፣ «ምነው ልጄ፣ ሌባ ገባባችሁ እንዴ?» ያልሽኝ ትዝ ይልሻል? ልጆቹ እስከ ዛሬ ይስቁበታል። አሁን ያለሁበትን ቤት ብታዪማ ፖሊስ ትጠሪ ነበር።

ለአራት ቀን ገጠር ወጥተናል። አገሩ ዳላርና ይባላል፣ ከስቶክሆልም በባቡር ሦስት ሰዓት ያህል ነው። ያረፍነው አንዲት አሮጊት ለእንግዳ በሚያከራዩት የድሮ የገበሬ ቤት ነው። ክፍላችን ውስጥ ያለውን ልቁጠርልሽ፣ ቶሎ ያልቃል። አንድ ጠረጴዛ። ሁለት ወንበር። ቀን መቀመጫ፣ ማታ ሲስቡት አልጋ የሚሆን የእንጨት ሶፋ። ግድግዳው ላይ ልብስ መስቀያ። መስኮቱ ላይ በማርማላታ ጠርሙስ የተቀመጠ የሜዳ አበባ። በቃ። ቡፌ የለም፣ ዳንቴል የለም፣ ለእንግዳ ተብሎ የተቆለፈበት ብርጭቆ የለም። ወለሉ ቀለም ያልነካው ጣውላ ነው፣ ከመታጠብ ብዛት ነጥቷል። በባዶ እግር ሲረግጡት ደስ ይላል።

በውጭ በኩል ሁሉም ቤት ቀይ ነው፣ ማዕዘኑና መስኮቱ ብቻ ነጭ። ቀለሙ የሚመጣው እዚሁ ፋሉን ካለው የመዳብ ማዕድን ነው። ማዕድኑ በ1992 እ.ኤ.አ. ተዘግቷል፣ ቀለሙ ግን ዛሬም ይሠራል። ቀዩን አፈር ከውሃና ከዱቄት ጋር ያፈሉታል፣ የተልባ ዘይት ይጨምሩበታል። ገንፎ በይው! ድሮ ታዲያ የእንጨት ቤት በዚህ የሚቀባው የጡብ ቤት እንዲመስል ነበር። ሰው ምን ይለኛል ማለት እኛ ጋ ብቻ ይመስልሽ ነበር?

ትላንት ሱንድቦርን ሄደን የሠዓሊውን የካርል ላርሰንን ቤት አየን። ቤቱን በ1888 እ.ኤ.አ. የሰጧቸው የሚስቱ የካሪን አባት ናቸው። እሱ ቤቱን እየሣለ ታወቀ። ጨርቁን የሸመነችው ግን እሷ ናት። የዚያ ዘመን የሀብታም ሳሎን ጨለማና ከባድ ዕቃ የታጨቀበት ነበር፣ እነሱ ብርሃን አስገቡበት። ዳንቴልሽን አሰብኩ። አንቺ እየሠራሽው፣ ቤቱ ሁልጊዜ «የአባዬ ቤት» ነበር።

ነገሬ ግን ስለ ምንጣፉ ነው። ረጅም፣ መስመር መስመር ያለው፣ ከአሮጌ ልብስ ቅዳጅ የተሸመነ። አሮጊቷ ትላንት ማታ ተንበርክከው በጣታቸው እየነኩ አሳዩኝ። «ይሄ ሰማያዊው የአልጋ ልብስ ነበር። ይሄ ቀዩ የእህቴ ቀሚስ። ይሄ ግራጫው የአባቴ ካፖርት ነው፣ መቀስ አልቆርጠው ብሎ አስቸግሮኝ ነበር።» እኔም ነካሁት። ይሻክራል። ከዚያ ተነስቼ ደጅ ወጣሁ።

የአባዬን ካፖርት ለምን ሰጠሽው እማዬ?

አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አንድም ቀን ጠይቄሽ አላውቅም። ያኔ ወረቀቴ አላለቀም ነበር፣ ለቀብሩ መምጣት አልቻልኩም። ከአርባው በፊት በስልክ አንድ ነገር ብቻ ለመንኩሽ፣ አንቺም «እሺ» አልሽኝ። ከዚያ ከነሱፉ ከነጫማው ለነዳያን ሰጥተሽ ጨረስሽ። «ተሰቅሎ እያየሁት እንዴት ልደር?» አልሽ። አሁን ይገባኛል። ግን አንቺ አፈር ሲለብስ አይተሻል። እኔ ሻወር ቤት ገብቼ፣ አብረውኝ የሚኖሩት እንዳይሰሙ ውሃ ከፍቼ ነው ያለቀስኩት። ይሄን የማነሳው ልወቅስሽ አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ልወቅስሽም ነው።

ማሙሽ ባለፈው ሳምንት ደውሎልኝ ነበር። ቁም ሳጥኑን ከፍተሽ ካፖርቱን ስትፈልጊ አገኘሁዋት አለኝ። «ክረምቱ ገብቶ ሳይለብስ ወጣ» እያልሽ።

ትንሿ የፊት ጥርሷ ወለቀ። አንቺ እንዳስተማርሻት ጣሪያ ላይ ወረወረችው፣ አሮጊቷ ምን እንደሆነ ግራ ገብቷቸው ቀሩ። ትልቁ ዋና ለምዷል። ሐይቁ በሰኔም አጥንት ይሰብራል፣ እሱ ግን ውጣ ቢሉት አይሰማም፤ በምን እንደወጣ ታውቂያለሽ። እንጀራ ናፈቀን እያሉ ነው። አድገዋል እማዬ፣ በጣም አድገዋል።

ማክሰኞ ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ አለሽ። ማሙሽ መጥቶ ይወስድሻል፣ እባክሽ «ደህና ነኝ» ብለሽ እንዳትመልሺው። የሚጠይቁሽ ቀላል ነገር ነው፣ ቀኑን፣ ወሩን፣ የልጆችሽን ስም። የግፊቱን ኪኒን ሳጥኑ ላይ በየቀኑ ለይቶ አስቀምጦልሻል። ወጥ ጥደሽ ደግሞ ጎረቤት ቡና ለመጠጣት እንዳትወጪ። ባለፈው ድስቱ እንዴት እንደነበር ነግሮኛል። አትቆጪው፣ እኔ ነኝ አውጣጥቼ የጠየቅኩት።

እዚህ አሁን ከምሽቱ አምስት ሰዓት ነው። ያለ መብራት፣ ደጅ ቁጭ ብዬ ነው የምጽፍልሽ። በዚህ ወር አይጨልምም። ካፖርቱን ደግመሽ ስትፈልጊ ለኔ ደውዪልኝ፣ አብረን እንፈልገዋለን። መሽቷል ብለሽ እንዳትተዪ።

ልጅሽ